ለመዓዛ ቅጠል የሚሆነው ማድረቂያ የቱ ነው? ክቡ፣ ሳጥኑና ያለ መብራት የሚሠራው መረብ

የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ማሽን ሲሸጥ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ከፍተኛው ሙቀት፣ የዋቱ መጠንና የትሪው ብዛት ነው። በጓሮው ወይም በበረንዳው ያበቀለውን ናና፣ በሶብላ ወይም ጦስኝ ሊያደርቅ ለሚገዛ ሰው ግን ሦስቱም በኋላ የሚታዩ ናቸው። መጀመሪያ የሚነበበው ዝቅተኛው ሙቀት ነው። ማሽኑ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መቆየት ከቻለ ለቅጠል ይሆናል። ከ40 ወይም ከ41 የሚጀምር ከሆነም ያስኬዳል። ከ50 በላይ የሚጀምር ግን ፍራፍሬ ይድረቅበት እንጂ ቅጠል አይግባበት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ናና፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና ኦሬጋኖ የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ መዓዛቸውን የሚሰጠው በናኝ ዘይትም በአብዛኛው የሚቀመጠው በቅጠሉ ገጽ ላይ በተበተኑ፣ በዓይን ለመለየት በሚያስቸግሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ቅጠሉን በጣት ሲነኩት ወዲያው የሚሸተውም ለዚህ ነው። ሙቀት ሲበዛ ዘይቱ ከውሃው ጋር አብሮ ይተናል። ማሽኑ ሲሠራ ቤቱ በሙሉ በናና ሽታ ከታወደ፣ ያ ሽታ ከቅጠሉ የወጣ ነው፤ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም።

እንዲያ ከሆነ ሙቀቱን እጅግ ዝቅ አድርጎ ቀናትን መጠበቅ አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ሲጀመርም ውሃቸው ትንሽ ለሆነ ቅጠሎች፣ ማለትም ለጦስኝና ለጥብስ ቅጠል፣ ይሻል ይሆናል። ለበሶብላ ግን አይሆንም። የበሶብላ ቅጠል ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ እርጥብ ሆኖ በቆየ ቁጥር በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ያጠቁሩታል። የተጨማደደ ወይም የተቀጠቀጠ ከሆነማ ጥቁረቱ ከተጎዳው ቦታ ጀምሮ ይስፋፋል። ስለዚህ የሚፈለገው መሀሉ ነው፦ ዘይቱን የማያባርር፣ ኢንዛይሙን ግን የሚቀድም ሙቀት። በተግባር ይህ ከ35 እስከ 46 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ነው። አየሩ እጅግ እርጥብ በሆነበት ወቅት እስከ 52 ድረስ መውጣት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል።

ይህን ያህል ትንሽ ሙቀት እንዴት ይበቃል? ሥራውን የሚሠራው የአየሩ ድርቀት ስለሆነ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ያለና አንጻራዊ እርጥበቱ (በዚያ ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው ውሃ የያዘው ድርሻ) 70 በመቶ የሆነ አየር ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀነስለት አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 22 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ውሃ የመሸከም አቅሙ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ቀሪው የማራገቢያው ሥራ ነው፤ እርጥቡን አየር ከቅጠሉ ላይ ገፍቶ በደረቁ ይተካዋል። ማራገቢያ የሌለውን ማሽን በዚህ ግምገማ ውስጥ ያላስገባነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ክብ ማሽኖች

ትሪዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረደሩት ክብ ማሽን በየቦታው የሚገኘውና በአብዛኛው ርካሹ ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱም ማራገቢያው የት እንዳለ ነው። ማራገቢያውና ማሞቂያው ከታች የሆነው ለቅጠል የሚያስቸግር ችግር አለበት። ቅጠል ሲደርቅ ይሰባበራል፤ ስብርባሪው በትሪው ቀዳዳ አልፎ ቀጥታ ማሞቂያው ላይ ይወድቃል። እዚያ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ የሚያልፈው ደግሞ ከላይ ባሉት ቅጠሎች በኩል ነው። የቃጠሎ ሽታ ያለው ደረቅ ናና ካጋጠመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ከእነዚህ መካከል ሙቀት መቆጣጠሪያ የሌላቸው፣ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያላቸው አሉ። እነሱን ለቅጠል ጨርሶ አንመክርም።

ማራገቢያው ከላይ የሆነው የተሻለ ነው። ለምሳሌ ኔስኮ ኤፍዲ-75ኤ የሚባለው ሞዴል 600 ዋት ነው፤ ሙቀቱ ከ35 እስከ 71 ዲግሪ ይስተካከላል፤ ከ5 ትሪ ጋር ይመጣል፤ ተጨማሪ ተገዝቶለት እስከ 12 ይደረደራል። አየሩ ከላይ ተነስቶ በትሪዎቹ ዙሪያ ባለው ክፍተት ይወርድና በየትሪው ላይ ወደ መሀሉ ቀዳዳ ይነፍሳል። ስብርባሪ ወደ ታች ቢወድቅ ከማሞቂያው አይደርስም። ከ35 መጀመሩ ለበሶብላ ጥሩ ነው። ታይመር የለውም፤ እሱ ግን የሚመስለውን ያህል ጉድለት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የክቦቹ ሁሉ የጋራ ጣጣ እኩል አለማድረቃቸው ነው። ለማራገቢያው የቀረበው ትሪ ቀድሞ ይደርቃል፤ የራቀው ይዘገያል። መፍትሔው በየሰዓቱ ትሪዎቹን ማቀያየር ነው፦ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ። 12 ትሪ መደርደር ይቻላል ማለት 12ቱም በአንድ ጊዜ ይደርቃሉ ማለት አይደለም። ማራገቢያው ያው አንዱ ነውና ለቅጠል ከ6 ወይም ከ7 ባይበልጥ ይሻላል።

ሌላው የቀዳዳው ስፋት ነው። ክብ ትሪዎች የተሠሩት ለተቆራረጠ ፍራፍሬ ነው፤ የጦስኝ ቅጠል በቀዳዳው እንደ ጤፍ በወንፊት ያልፋል። ስለዚህ ለየትሪው የሚሆን የፕላስቲክ መረብ ያስፈልጋል። በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው መረብ ለትሪው ሁሉ ላይበቃ ስለሚችል ሳይገዙ በፊት ይቁጠሩ። ከዚያም ሌላ መረብ ከላይ ማልበሻ ይያዙ። በሶብላና ፓርስሊ ሲደርቁ ከክብደታቸው አብዛኛውን ያጣሉ፤ ማራገቢያው አንስቶ ወደ መሀሉ ቀዳዳ ይከምራቸዋል። ከላይ የሚለብሰው መረብ ይህን ሙሉ በሙሉ ይከላከላል።

ሳጥን ማሽኖች

ሳጥኑ ማራገቢያው ከኋላ ነው፤ አየሩም በሁሉም ትሪ ላይ ጎን ለጎን ያልፋል። ብዙ ቅጠል ለሚያደርቅ ሰው ምርጫችን ይህ ነው። ትሪ ማቀያየር አይጠይቅም፤ በመሀል አንድ ጊዜ ትሪውን ማዞር፣ ማለትም የኋላውን ጠርዝ ወደ ፊት ማምጣት፣ ይበቃል። ትሪ እየዘለሉ በማውጣትም ከፍታ ማግኘት ይቻላል። ይህ የጥብስ ቅጠልን ወይም ጦስኝን ከነዘንጉ፣ የካሞሚል አበባን ደግሞ ሳይጨፈለቅ ለማስገባት እጅግ ይጠቅማል። በክቡ ማሽን ውስጥ ይህ ከባድ ነው።

ከዚህ ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኤክስካሊበር 3926ቲቢ 9 ትሪ አለው፤ ጠቅላላ ስፋቱ 1.4 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ታይመሩ እስከ 26 ሰዓት ይሄዳል። ትሪው ላይ የሚነጠፈው መረብ ተነቃይና ተለማጭ ስለሆነ የደረቀውን ቅጠል ጠቅልሎ ወደ ሳህን መገልበጥ ይቀላል። ዝቅተኛው ሙቀቱ ግን 41 ዲግሪ ነው። ለናና፣ ለጦስኝና ለኦሬጋኖ ምንም አይልም። በሶብላን በዋናነት ለሚያደርቅ ግን ጠርዝ ላይ ነው፤ ማሽኑን ከመግዛት ባያግድም መታወቅ አለበት። በሩ ማጠፊያ የለውም፤ ተነስቶ የሚቀመጥ ክዳን ነው። አንዳንዱ ይህን ይጠላል፤ እኛ ግን ለማጠብ ምቹ ሆኖ አግኝተነዋል።

ኮሶሪ ሲፒ267 የሚባለው ሳጥን ያነሰ ነው። 6 የማይዝግ ብረት ትሪ አለው፤ ሙቀቱ ከ35 እስከ 74 ዲግሪ፣ ታይመሩ እስከ 48 ሰዓት ነው። ብረቱ ሽታ አይዝም፤ ይህ የናናንና የጥብስ ቅጠልን ዘይት ለሚያውቅ ትልቅ ነገር ነው። ግን የትሪው ዘንጎች ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ያለ መረብ አንድም ቅጠል አይዝም። መረቡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ የብረት ትሪ በመሆኑ ብቻ ተጨማሪ መክፈል ለቅጠል ማድረቂያነት ብዙም አያሳምንም።

ምን ያህል ይይዛል?

እዚህ ላይ ማስታወቂያዎቹ ዝም የሚሉት ነገር አለ። ቅጠል በአንድ ረድፍ ብቻ ነው የሚነጠፈው። 38 በ38 ሴንቲሜትር የሆነ ትሪ ላይ ሳይደራረብ የሚነጠፍ የበሶብላ ቅጠል 40 ግራም ገደማ ነው። 9 ትሪ ሞልቶ 360 ግራም እርጥብ ቅጠል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላዩ ውሃ ሆኖ ሲወጣ በእጅ የሚቀረው ከ30 እስከ 35 ግራም ነው። ትልቁ ማሽን ሙሉ ዙር ሠርቶ የሚሰጠው አንድ መካከለኛ ጠርሙስ ደረቅ በሶብላ ነው። አምስት ትሪ ያለው ክቡ ማሽን ደግሞ የዚያን ሲሶ ያህል ብቻ ይሰጣል። ይህ ቅር የሚያሰኝ ቢመስልም ደረቁ በምግብ ውስጥ የሚገባው የእርጥቡን ሲሶ ያህል በመሆኑ ያካክሳል።

መብራቱን በተመለከተ፣ 600 ዋት የተጻፈው ማሞቂያው ሲበራ የሚወስደው ነው። በ40 ዲግሪ ማሞቂያው ብዙውን ሰዓት ጠፍቶ ማራገቢያው ብቻ ይሠራል። ስለዚህ የ4 ሰዓት ዙር በምንም መልኩ ከ2.4 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም፤ በተግባርም ከዚያ በግልጽ ያንሳል። ማሽኑ ለ120 ቮልት ወይስ ለ220 እንደተሠራ ከጀርባው ላይ ሳያነቡ ግን አይሰኩት። የ120 ቮልቱን በቀጥታ 220 ላይ መሰካት ያቃጥለዋል፤ በትራንስፎርመር ለመጠቀም ደግሞ ትራንስፎርመሩ ከ600 ዋት በላይ ያለማቋረጥ መሸከም የሚችል መሆን አለበት።

ቁልፉ ላይ ያለውን ቁጥር አይመኑ

ማሽኑ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ሙቀቱን መፈተሽ ነው። ባዶውን 40 ላይ አድርገው ግማሽ ሰዓት ያሙቁት። ከዚያ ቴርሞሜትር በመካከለኛው ትሪ ላይ አድርገው ለሌላ ግማሽ ሰዓት በየ5 ደቂቃው ያንብቡ። ቴርሞስታት ማሞቂያውን እያበራና እያጠፋ ስለሚሠራ ንባቡ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጣሪያው ከ46 ካላለፈ ማሽኑ ለቅጠል ደህና ነው። ካለፈ ቁልፉን ዝቅ አድርገው ይድገሙትና ትክክለኛውን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ላይኛውንና ታችኛውን ትሪም እንዲሁ ይለኩ። ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ከሆነ ትሪ ማቀያየሩ ግዴታ ነው ማለት ነው።

አየር መውጫ ቀዳዳ ያላቸው ክዳኖች አሉ። ለቅጠል ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁን። ቀዳዳውን ዘግቶ ሙቀት ለመቆጠብ መሞከር እርጥቡን አየር መልሶ ማዞር ነው፤ ቅጠሉ ይቀቀላል እንጂ አይደርቅም።

ከመቁረጥ እስከ ማውጣት

ቅጠሉን ጠዋት፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላና ፀሐዩ ሳይበረታ ይቁረጡ። አበባው ሊፈነዳ ሲል ያለው ጊዜ ለአብዛኞቹ ጥሩው ነው፤ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። አፈር ካለበት በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፤ ከሌለበት ባይታጠብ ይሻላል። ከታጠበ ውሃውን አራግፈው በጨርቅ ላይ አስጥተው ገጹ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከነውሃው የገባ ቅጠል ማሽኑን ተጨማሪ ሰዓት ከማስፈጀቱም በላይ የተኛበት ቦታ ይጠቁራል።

የናናና የበሶብላ ቅጠል ከዘንጉ ተለይቶ ይገባል፤ ዘንጉ ወፍራምና ውሃ የሞላው በመሆኑ ቅጠሉ አልቆ እሱ ገና ይሆናል። ጦስኝ፣ ኦሬጋኖና የጥብስ ቅጠል ግን ከነዘንጋቸው ይግቡ። ሲደርቁ ጫፉን ይዞ በጣት ወደ ታች መሳብ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ በራሱ ይረግፋል። ጠጅ ሳር ቃጫው ጠንካራ ስለሆነ በመቀስ ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ተቆርጦ ይገባል፤ ከደረቀ በኋላ መቁረጥ እጅ ያቆስላል። በሶብላን አይክተፉ፣ አይጭመቁ። የተከተፈ በሶብላ በየተቆረጠበት ጠርዝ ይጠቁራል።

ማሽኑ ቀድሞ ይሙቅ። ቀዝቃዛ ማሽን ውስጥ የገባ ቅጠል የመጀመሪያውን ወሳኝ ሰዓት በእርጥበት ያሳልፋል። በ40 ዲግሪ ናናና ፓርስሊ ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ጦስኝ ከ3 እስከ 5፣ የጥብስ ቅጠል ከ4 እስከ 8፣ በሶብላም እንዲሁ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳሉ። በሶብላን በ35 የሚያደርቅ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይጠብቅ። እነዚህ ግምቶች ናቸው፤ የክፍሉ እርጥበትና የቅጠሉ ውፍረት በቀላሉ እጥፍ ያደርጓቸዋል። ግማሽ በደረቀው መሀል አዲስ እርጥብ ትሪ አይጨምሩ። እርጥበቱ ወደ ደረቁ ይሄድና ሁለቱም ይዘገያሉ።

መድረቁን በጣት መፈተሽ የተለመደ ነው፦ ቅጠሉ ሲታሽ ይደቅቃል፣ ዘንጉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ችግሩ ሞቃት ቅጠል ከትክክለኛው የለሰለሰ መምሰሉ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቅጠል አውጥተው ለ5 ደቂቃ ያቀዝቅዙና ከዚያ ይሹት። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሚዛን ነው። ከደረቀ በኋላ ቅጠሉ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዘንግ የተለየ 100 ግራም እርጥብ ቅጠል ወደዚህ ሲደርስ በሶብላው 9 ግራም፣ ፓርስሊው 14 ግራም ገደማ፣ ናናው እንደ ዓይነቱ ከ16 እስከ 24፣ የጥብስ ቅጠሉ 36፣ ጦስኙ 39 ግራም ገደማ ይመዝናል። 100 ግራም ፓርስሊ አስገብተው ሚዛኑ 20 ካለ፣ ጣትዎ ምንም ቢል አልደረቀም።

አሁን ወደ ታይመሩ። ማታ ተሞልቶ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሱን ያጠፋ ማሽን ውስጥ ያደረው ቅጠል ጠዋት ልፍስፍስ ብሎ ይገኛል። ደረቅ ቅጠል ከክፍሉ አየር እርጥበት መልሶ ይጠጣልና። ሰው ይህን ሲያይ ማሽኑ አልሠራም ብሎ ያማርራል። ታይመር ያለው ማሽን ከሆነ የሚጨርስበትን ሰዓት ከሚነሱበት ጋር ያገጣጥሙት። ቢያድርም ጉዳት የለውም፤ በ40 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት መልሶ ማስኬድ ይበቃል። ግን በእያንዳንዱ ድጋሚ ጥቂት ሽታ መሄዱ አይቀርም።

መረቡ

ማሽን ከመግዛት በፊት መታየት ያለበት አንድ ሌላ ዕቃ አለ፦ ከላይ የሚንጠለጠል፣ ዚፕ ያለው፣ ባለ ብዙ ፎቅ ክብ መረብ። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲሜትር፣ ፎቁ 6 የሆነ መረብ ጠቅላላ ስፋቱ 1.7 ካሬ ሜትር ነው፤ ዘጠኝ ትሪ ካለው ትልቁ ሳጥን ይበልጣል። መብራት አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም፣ ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ለጦስኝ፣ ለኦሬጋኖና ለጥብስ ቅጠል ውጤቱ ከማሽኑ አያንስም፤ እነዚህ ሲጀመርም ውሃቸው ትንሽ፣ ቅጠላቸውም ጠንካራ ነው። እነሱን ብቻ ለሚያበቅል ሰው ማሽን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው ባይ ነን።

ቅድመ ሁኔታው የአየሩ እርጥበት ነው። የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይደርቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ቅጠሉ ይጠወልግና እዚያው ይቆማል፤ በሳምንቱ የሻጋታ ሽታ ይመጣል። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ መረቡ አጠገብ መስቀል ከግምት ያድናል። በሶብላ ግን በደረቅ አየርም ቢሆን በመረብ ላይ በአብዛኛው ይጠቁራል።

የመረቡ ድክመት የወለሉ መርገብ ነው። መሀሉ ወደ ታች ይሰምጥና ቅጠሉ ሁሉ እዚያ ይከመራል፤ ክምሩ ውስጥ ያለው አይደርቅም። በየፎቁ ሽቦ ቀለበት ያለውን ይምረጡ፤ ከሌለው በየቀኑ አንዴ በእጅ ይበትኑት። ከፀሐይ ያርቁት፤ ቀጥታ ፀሐይ አረንጓዴውን ቀለም ያነጣዋል፣ ዘይቱንም ያተነዋል። ከምድጃ በላይም አይሰቀል፤ እንፋሎቱና የዘይት ጭሱ ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ያለ መረብ በእስር መስቀልም ይቻላል፤ እስሩ ከ5 እስከ 10 ዘንግ አይብለጥ። በክር ፈንታ የጎማ ላስቲክ ይጠቀሙ፤ ዘንጉ ሲደርቅ ይቀጥናልና ክር ከሆነ እስሩ ሾልኮ ይወድቃል።

ስለ ምድጃ ኦቨን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ከሚፈለገው ሙቀት በላይ ነው የሚጀምሩት። ማይክሮዌቭ በወረቀት ፎጣ መሀል ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ጥቂት ቅጠል ያደርቃል፤ በ30 ሰከንድ እየከፈቱ ማየት ግዴታ ነው፤ ውሃው ያለቀ ቅጠል ሊቀጣጠል ይችላል። የማድረቅ ቁልፍ ያለው ኤር ፍራየር ማራገቢያው ኃይለኛ ነው። በመረብ በደንብ ያልተያዘ ቅጠል ተነስቶ ማሞቂያው ላይ ይለጠፋል፤ ቅርጫቱም ከአንድ ትሪ ብዙ አይበልጥም።

ጠርሙስና እጥበት

ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ጠርሙስ ውስጥ አይግባ፤ ሙቀቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሠራል። ካስገቡ በኋላ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይመልከቱት። ጠርሙሱ ውስጥ ላብ ከታየ ቅጠሉ አልደረቀም ነበር ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ወደ ማሽኑ ይመለስ። ሻጋታ ከታየ ግን ጠርሙሱ በሙሉ ይደፋል፤ የተበላሸውን ለቅሞ የቀረውን ማስቀመጥ አይሠራም። ቅጠሉን ሳይፈጩ በሙሉው ያስቀምጡት። ሲደቅቅ የዘይት ከረጢቶቹ ስለሚፈነዱ የተፈጨው ሽታውን ቶሎ ይጨርሳል። ብርሃንና ሙቀት በማይደርስበት ቦታ ሙሉው ቅጠል ለአንድ ዓመት ያህል ጥሩ ነው። ጠርሙሱ ላይ የቅጠሉ ስምና የደረቀበት ቀን ይጻፍ፤ ከደረቁ በኋላ ኦሬጋኖና ጦስኝ በዓይን ለመለየት ያስቸግራሉ።

የፕላስቲክ ትሪና መረብ ዘይቱን ይጠጣል። ከየዙሩ በኋላ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ የጥብስ ቅጠል የሚተወው ሙጫ መሰል ነገር ደግሞ ለስላሳ ብሩሽና ቤኪንግ ሶዳ ይፈልጋል። ማሞቂያው ያለበት ክፍል ውሃ አይነካውም፤ በደረቅ ብሩሽ ስብርባሪው ይጠረግ። ሽታቸው የሚለያይ ቅጠሎችን በአንድ ዙር አያቀላቅሉ። በአንድ ቀን ብዙ ዙር ካለ ሽታው የቀለለው ይቅደም፦ መጀመሪያ ፓርስሊና ካሞሚል፣ ከዚያ በሶብላ፣ ቀጥሎ ናና፣ መጨረሻ ላይ የጥብስ ቅጠል።